የሳንግዶ ልብ በዳንቢ ስልክ ላይ

ኩክ ሳንግዶ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መርከብ ሲቀባ ኖረ። ዮንግዶ በምትባለው የወደብ ደሴት ላይ፣ ከድልድዩ ወዲህ ካሉት የመርከብ መጠገኛዎች በአንዱ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ የብረት ሆድ ሲቀባ፣ ብርዱ እጁን ሲያደነዝዘው ፀሐዩ ጀርባውን ሲያቃጥለው፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞላው። ከዚያ ቀኝ ትከሻው እምቢ አለ። ባልደረቦቹ በአንድ ምሳና በአንድ ፎቶግራፍ ሸኙት። በማግስቱ እንደ ልማዱ ከወፍ ቀድሞ ተነሳ፣ ሩዙን በላ፣ በር ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አሰረ፤ የሚሄድበት ቦታ እንደሌለው ትዝ ያለው ያኔ ነው። ጫማውን መልሶ ፈታ።

ቤቱ ከኮረብታው ወገብ ላይ ነው። መኪና አይደርስበትም፤ መቶ አርባ ደረጃ ወጥተው ነው የሚገቡት። ከመስኮቱ ሲያዩት ባሕሩ ላይ ተራቸውን የሚጠብቁ መርከቦች መልሕቃቸውን ጥለው ይታያሉ። ሚስቱ ያንግሚ በሕይወት ሳለች መርከቦቹን ትቆጥር ነበር። ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏታል። ያለችው አንዲት ልጅ ዳንቢ ሴኡል ውስጥ የመድን ድርጅት ሠራተኛ ናት፤ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ አላገባችም።

ያንግሚ ከሞተች ጀምሮ ዳንቢ ማታ ማታ ትደውል ነበር። ወሬው ያው ነው። «በላህ?» «በላሁ።» «ምን በላህ?» «ያገኘሁትን።» «ያገኘሁትን የሚባል ምግብ የለም አባዬ፣ ስሙን ንገረኝ።» አምስት ደቂቃ አይሞላም። ሳንግዶ ግን ያችን አምስት ደቂቃ ብሎ ነበር ምሽቱን የሚያመሸው። ስልኩን ከሳሕኑ አጠገብ አስቀምጦ ይበላል፤ ከተደወለ በኋላ ዕቃውን ያጥባል።

ጡረታ በወጣ በወሩ ለልደቱ መጣችና አንድ ጥቁር ሰዓት ከካርቶን አወጣች።

«እጅህን ስጠኝ አባዬ።»

«ምንድነው ደግሞ? ሰዓትማ አለኝ እኮ።»

«ይሄ ሰዓት ብቻ አይደለም። ልብህን ይቆጥራል፣ እርምጃህን ይቆጥራል፣ እንቅልፍህን ይቆጥራል። የቆጠረውን ሁሉ እኔ ስልክ ላይ አየዋለሁ። ልብህ ከመቶ ሰባ ካለፈ ደግሞ ስልኬ ይጮሃል።»

«ስንት ጊዜ ሽንት ቤት እንደገባሁም ይነግርሻል?»

«አባዬ!»

ሳቁ። የእጅ አንጓው ላይ አሰረችለትና በአውራ ጣቷ ላስቲኩን ዳሰስ አደረገችው። ሳንግዶ ያን ቀን ደስ ብሎት ዋለ። ልጄ ከሩቅም ቢሆን አብራኝ ናት ብሎ አሰበ።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆነ። ሰዓቱ ከመጣ በኋላ ስልኩ መደወሉን ቀነሰ። በመጀመሪያ በሁለት ቀን አንዴ፣ ከዚያ በሳምንት፣ ከዚያ ደግሞ አውራ ጣት የተቀሰረበት ሥዕል ብቻ ይመጣ ጀመር። «ዛሬ ስድስት ሺህ እርምጃ! ጎበዝ አባዬ!» የሚል ጽሑፍ ከሥሩ አለ። ሳንግዶ ያችን ጽሑፍ ደጋግሞ ያነባታል። «እሺ» ብሎ ይጽፋል።

ራሱስ ለምን አይደውልም ቢባል፣ ጉዳይ ሳይኖረው ስልክ አንስቶ የማያውቅ ሰው ነው። አባቱም እንደዚያ ነበሩ። ስልኩን ያነሳና አሁን ሥራ ላይ ናት ይላል። ትንሽ ቆይቶ አሁን እራት ላይ ናት ይላል። ቆይቶ ደግሞ አሁን ደክሟታል፣ ትረፍ ይላል። እንዲህ እንዲህ እያለ አምስት ሳምንት ሙሉ ድምፅዋን ሳይሰማ ቀረ። ቀኑን ሙሉ የሚያናግረው ሰው ቢኖር ከደረጃው ሥር ያለችው ዓሣ ሻጭ ናት፤ እሷም «ላጽዳልዎ ወይስ እንዲሁ ይወስዱታል?» ከማለት አታልፍም። አንድ ቀን በቤቱ ተቀምጦ የማኬሬል ዓሣ ቅርፊት ሲፍቅ ሰዓቱ ነዘረውና «ብርቱ እንቅስቃሴ! በርታ!» አለው። ሳንግዶ ቢላውን አስቀምጦ ዙሪያውን አየ። ይህን ቀልድ የሚነግረው ሰው አልነበረም።

በጸደዩ ምርመራ ደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ ልቡን በመሣሪያ መርምሮ ካየ በኋላ፣ «ልብዎ ደህና ነው። መራመድ ብቻ አይበቃም ግን፤ እስትንፋስ የሚያሳጥር ሥራ ይልመዱ፣ ቀስ ብለው ጀምረው» አለው። ከደረጃው ግርጌ፣ ድሮ የዓሣ መረብ ይከማችበት የነበረ መጋዘን ውስጥ ጂም ተከፍቷል። ባለቤቷ ታክ ሄሪም ትባላለች። ጁዶ ስትታገል የኖረች፣ አንገቷ ወፍራም፣ ጆሮዋ ምንጣፍ ላይ ከመታሸት ብዛት ተጨማድዶ የቀረ፣ የአርባ ዓመት ሴት ናት። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሥራ የሌላቸው ሰዎች ቡድን አላት። ሳንግዶ ገብቶ ተመዘገበ።

ሥራው ሃያ ሴኮንድ ባለ በሌለ ጉልበት፣ ዐሥር ሴኮንድ ዕረፍት፤ ስምንት ጊዜ። ከዚያ ሌላ ዕቃ ይያዛል፣ እንደገና ስምንት። ብረት የተጫነበት ተንሸራታች ይገፋል፣ እጀታ ያለው የብረት ኳስ ይወዛወዛል፣ የጀልባ መቅዘፊያ የሚመስለው መሣሪያ ይሳባል። ግድግዳው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን አለ። እዚያ ላይ የእያንዳንዱ ሰው ስም ተጽፎ፣ ሰዓቱ የላከው የልብ ምት በቀለም ይታያል፤ ያረፈ ሰማያዊ፣ የሞቀው አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ቀይ። ሁሉም ቢጫና ቀይ ሲሆን ሳንግዶ ሰማያዊ ነው።

ከቡድኑ ውስጥ ዎልሱን የምትባል የስልሳ አምስት ዓመት ሴት አለች። ዕድሜዋን የመርከብ ዝገት በመዶሻ ስታራግፍ ነው የኖረችው። ብረቱ ጆሮዋን ስለበላው ስታወራ ትጮኻለች።

«አንተ ሳንግዶ!» ትለዋለች ከወዲያ ጥግ። «ሰው ዕድሜ ልኩን ቀለም ሲቀባ ኖሮ እንዴት ሰማያዊ ብቻ ይወዳል?»

ሁሉም ይስቃል።

«እየሠራሁ ነው እኮ እትዬ!»

«ምን?»

«እየሠራሁ ነው!»

«ተኝተህ ነዋ የምትሠራው! እኔ እንኳ አሮጊቷ ቀይ ሆኛለሁ፣ እይ!»

ቀልዱ አይከፋም። የቆረቆረው ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ከጂም ሲመለስ ከዳንቢ መልእክት ደረሰው። «አባዬ፣ ጂም ሄደህ ወሬ ስታወራ ነው እንዴ የምትውለው? ቀላል እንቅስቃሴ ነው የሚለው» ትላለች፤ ከሥሩም ሳቂ ፊት አለ። ሳንግዶ ሸሚዙ ከጀርባው ላይ ተጣብቆ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር ያነበበው። ከዚያ ወዲህ እልህ ያዘው። ያ ቁጥር ከፍ እንዲል፣ ልጄ መሥራቴን እንድታይ ብሎ፣ ተንሸራታቹ ላይ ብረት አስጨመረ።

አንድ ሐሙስ ሰባተኛውን ዙር ሲገፋ ዓይኑ ጨለመበት። እጀታውን ጨብጦ በጉልበቱ ተንበረከከ። ሄሪም ፊሽካዋን ጥላ መጣች። ሰዓቱ ዘጠና ስምንት ይላል። ሄሪም ሰዓቱን አላየችም። ሁለት ጣቶቿን ከመንጋጋው ሥር፣ አንገቱ ላይ አሳረፈች፤ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ላይ ተክላ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጠረች።

«በዐሥራ አምስት ሴኮንድ አርባ አንድ» አለች። «መቶ ስልሳ አራት ነው እኮ ጋሽ ሳንግዶ! ሊገሉኝ ነው? እዚህ ቢወድቁ ጂሜን ማን ይረግጠዋል?»

«ሰዓቱ ዘጠና ስምንት ነው የሚለው።»

«ሰዓቱን ተዉት። ቁጭ ይበሉ። ደረትዎን ያምምዎታል?»

«የለም። ዓይኔ ብቻ ነው።»

ውሃ ሰጠችው። ጣቶቿን ለሁለተኛ ጊዜ አንገቱ ላይ አደረገች። የጁዶ ሴት እጅ ሻካራ ነው፣ ግን ሙቅ ነው። ሳንግዶ ከያንግሚ ወዲህ አንገቱን የነካው ሰው አልነበረም። ፀጉር ቆራጩ እንኳ በማሽን ነው የሚነካው። ዓይኑ ድንገት ሞላ። ፎጣውን አንስቶ ላብ እንደሚያብስ ሰው ፊቱን ሸፈነ፤ እሷ ቆጥራ እስክትጨርስ ድረስ አላነሳውም።

«ሰዓትዎ ተበላሽቶ አይደለም» አለችው ሲረጋጋ። «ከሥሩ አረንጓዴ መብራት አለው አይደል? ደም ከቆዳዎ ሥር ሲያልፍ በዚያ ነው የሚያየው። ሲቀመጡ፣ ሲራመዱ፣ ሲተኙ፣ ጎበዝ ነው። ብረት ጨብጠው አንጓዎ ሲወጣጠር ግን ደሙ ይደበቅበታል። ላቡ ያንሸራትተዋል። ደግሞ የኛ ነገር ሃያ ሴኮንድ ነው፤ እሱ ምን መጣ ብሎ ሲያስብ እርስዎ ጨርሰው አርፈዋል።»

በማግስቱ ከመሳቢያዋ የልብ ምት የሚቆጥር የደረት መታጠቂያ አውጥታ አስታጠቀችው። ሁለቱን አብረው ሲያዩ መታጠቂያው መቶ ስልሳ ሰባት ሲል ሰዓቱ መቶ አንድ ይላል። ዎልሱን አንገቷን አስግጋ አየችና «በል ይቅርታ!» ብላ ጮኸች። «ቀይ ነበርክ ለካ!»

«መታጠቂያውን ይግዙ» አለችው ሄሪም። ሳንግዶ እሺ አለ፤ አልገዛም። የመታጠቂያው ቁጥር ዳንቢ ስልክ ላይ አይደርስማ።

የገመድ ዝላይ የተጀመረው በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ነው። ሄሪም ለማሟሟቂያ ብላ ለሁሉም ገመድ አደለች። ሳንግዶ መርከብ ላይ ሲንጠለጠል የኖረ ሰው ነውና እግሩ ቀላል ነው፤ ከመሬት ብዙም ሳይነሳ ቶሎ ቶሎ ይዘላል። ገና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ቦርሳው ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። ሮጦ ሄዶ አነሳው።

«አባዬ! ምን ሆነሃል? የት ነህ?»

«ጂም ነኝ። ምን ሆንኩ?»

«ልብህ መቶ ሰባ ስምንት ገብቷል! ስልኬ ሲጮህ መሞቴ ነበር!»

«ገመድ እየዘለልኩ ነው እኮ። ምንም አላለኝ፣ ስሚኝ፣ ትንፋሼ እንኳ አልተቆረጠም።»

«እውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

ዳንቢ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ከዚያ፣ የደነገጠ ሰው ወሬ እንደሚያበዛ፣ ወሬው መጣ። ወንበሯ ወደ መስኮት በኩል እንደተቀየረላት ነገረችው። ጉንፋን ይዟት ሁለት ሳምንት እንዳልለቀቃት፤ አለቃዋ ከጎኗ ቆሞ ጥፍሩን እንደሚቆርጥ። ሳንግዶ ግድግዳውን ተደግፎ ሰማ። ዐሥራ አራት ደቂቃ አወሩ። ስልኩን ሲዘጋ ልቡ ቅቤ ጠጣ።

ሄሪም ቁጥሩን ስትሰማ ሳቀች። «በዚህ ዝላይ? ገመድ ላይማ ሰዓቱ ልብዎን ትቶ ዝላይዎን ነው የሚቆጥረው! እጅዎ በተወዛወዘ ቁጥር ልብ መታ ይላል። መቶ ሠላሳ እንኳ አይሞሉም እርስዎ።» እንደገና አዘለለችውና አንገቱን ነካ አድርጋ ቆጠረች። መቶ ሃያ ነበር።

ሳንግዶ ይህን ሰማ፣ ያዘውም። ዓርብ ዕለት ማንም ገመድ ሳያድል ራሱ ከመንጠቆው ላይ አወረደ።

የሠራው ነገር ጥሩ እንዳልሆነ አልጠፋውም። የመጀመሪያው ቀን አንዴ ብቻ ብሎ ነበር። ዳንቢ ደወለች፤ ምሳዋን ቆማ እንደምትበላ ነገረችው። በማክሰኞው ደግሞ ለመጨረሻ አለ። ደወለች፤ ጉንፋኑ ተሽሏታል። እንዲህ እያለ ወር ሆነ። ገመዱን ይዞ ሲቆም የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቶ ሃምሳ ዝላይ ሳይሞላ የልጁ ድምፅ ይመጣል። ከባዱን ተንሸራታች ሲገፋ፣ ልቡ በእውነት ደረቱን ሲደበድበው፣ ስልኩ ዝም ነው። እንደ ሕፃን ሲዘል ይጮሃል። ሳንግዶ ስለዚህ ብዙ አልተመራመረም። የሚመጣውን መቀበል ነበር የያዘው።

ድምፅዋ ግን እየተለወጠ ሄደ። ስለ ወንበሯና ስለ አለቃዋ ማውራት ተወች።

«ሐኪም ጋ ሄደሃል ወይ አባዬ?»

«እሄዳለሁ።»

«ባለፈውም እሄዳለሁ ነው ያልከኝ።»

«ደህና ነኝ እኮ ዳንቢዬ።»

«እናቴም ደህና ነኝ ትል ነበር» አለችው። ሳንግዶ የዚያን ለታ ሊነግራት ነበር። ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

በሰኔ መጨረሻ፣ ዝናቡ በጀመረበት ሳምንት፣ ማክሰኞ ዕለት ሳንግዶ ገመዱን እየዘለለ ከዎልሱን ጋር ይጨዋወት ነበር። ዎልሱን ወንበር ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ታስራለች። ስለ አንድ ድሮ የሚያውቁት ፎርማን እያወሩ፣ እሱም እየሳቀ፣ እግሩ ከወለሉ ሳይርቅ ይዘላል። የመጋዘኑ በር ተንሸራቶ ተከፈተ። ዳንቢ ናት። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ነው፤ ጫማዋ ውሃ ጠጥቷል፤ በአንድ እጇ ጃንጥላ በሌላው ስልኳን ይዛለች። ስልኩ እየጮኸ ነበር። መቶ ሰማንያ ሦስት።

ገመዱ እግሩ ላይ ተጠመጠመ።

«ዳንቢ? እንዴት... ሥራ የለሽም እንዴ?»

ፊቱን አየች። ደረቱን አየች። ጤነኛ፣ ሳቁ ገና ከፊቱ ያልጠፋ፣ ላብ እንኳ ያላወጣ ሰው ነው የቆመው። ስልኩ በእጇ ይጮኻል።

ሄሪም ከወዲያ መጣች፤ ልጁ መሆኗን ስታውቅ ደስ አላት። «ስለ ሰዓቱ ነው የደነገጥሽው? አይዞሽ እህቴ! ገመድ ላይ ዝላዩን ነው የሚቆጥረው። ለአባትሽ ከወር በፊት ነግሬያቸዋለሁ። አልነገሩሽም?»

«ከወር በፊት?» አለች ዳንቢ።

ሳንግዶ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ከእግሩ ፈታ። ዎልሱን እንኳ፣ አንድ ቃል ሳትሰማ፣ ነገሩ ገብቷት አንገቷን ወደ ጫማዋ አቀረቀረች።

ከጂሙ አጠገብ ያለው ቤት የአሳማ አጥንት ሾርባ ይሸጣል። ሳንግዶና ዳንቢ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሾርባው እየፈላ መጣ፤ ሳንግዶ ሩዙን ጨመረላት፣ ጨዉን ወደሷ ገፋላት። ማንኪያውን አላነሳችም።

«ዓርብ ስልኬ ሲጮህ ቆረጥኩ፤ ዛሬ በማለዳ ለአለቃዬ አባቴ በጠና ታሟል ብዬ ነው የመጣሁት» አለች። «ባቡር ውስጥ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ምን ሳስብ እንደመጣሁ ታውቃለህ? የት ሆስፒታል እንደምወስድህ። እናቴን ከሸኘንበት ሆስፒታል ውጭ የቱ ይሻላል እያልኩ ነው የመጣሁት።»

«አጠፋሁ።»

«ለምን?»

ሳንግዶ ኪምቺ የሚሉትን በርበሬ የበዛበት ጎመን በመብያ እንጨቶቹ አገላበጠ። ሠላሳ ሁለት ዓመት አባቷ ሆኖ እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

«ስትደውይ ደስ ይለኛል» አለ።

ዳንቢ ማንኪያውን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። ሳንግዶ ቁጣ መስሎት ጠበቀ።

«እኔ ያልደወልኩት ረስቼህ መሰለህ?» አለች። «ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው ያንተን እንቅልፍ ነው። ሌሊት በስምንት ሰዓት ትነቃለህ። በዐሥር ሰዓት ትነቃለህ። አንዳንድ ቀን ከዚያ በኋላ አትተኛም። ከአልጋህ እስከ መስኮቱ ድረስ ሄደህ ተመልሰህ ትቀመጣለህ፣ እርምጃውን ይቆጥረዋላ። በየቀኑ አየዋለሁ። በላህ ወይ ብዬ ልጠይቅ ስልኩን አነሳለሁ፤ ከዚያ ሌሊት ለምን ትነቃለህ ብዬ ሳልጠይቅ ልዘጋ ነው? ብጠይቅህስ ምን ልትለኝ ነው? ፈራሁ አባዬ። ቁጥሩን ማየት ቀለለኝ።»

ሳንግዶ ሰዓቱን አየ። አንድም ሌሊት ሰው ያየኛል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። መስኮቱ ጋ ሲቀመጥ ብቻውን የተቀመጠ ነበር የሚመስለው።

«መርከቦቹን ነው የማየው» አለ። «እናትሽ ትቆጥራቸው አልነበር?»

«አውቃለሁ።»

ሾርባው ቀዘቀዘ። ከዚያ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ በሉ፤ ሳንግዶ ተንሸራታቹን ሲገፋ ሰዓቱ እንደሚያሳንስ፣ ሄሪምም አንገቱ ላይ በጣቷ እንደምትቆጥርለት ነገራት። ዳንቢ በዘጠኝ ተኩሉ ባቡር መመለስ ነበረባት። እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ በአንድ ጃንጥላ ሄዱ፤ ሳንግዶ ጃንጥላውን ወደሷ ስላዘነበለው ግራ ትከሻው ረሰረሰ። አውቶቡሱ ሲመጣ «ማንቂያውን አጠፋዋለሁ» አለችው። «ሰዓቱን ግን አታውልቀው። እሑድ እሑድ እደውላለሁ።»

«እሺ።»

«ስትገፋ ግን ሴትዮዋ በጣቷ ትቁጠርልህ። ይሄን ነገር አትመነው።»

«እሺ አልኩሽ።»

በመጀመሪያው እሑድ ሃያ ሁለት ደቂቃ አወሩ። በሁለተኛው ዘጠኝ። ሦስተኛው እሑድ ሳንግዶ ስልኩን ይዞ ተቀምጦ አመሸ፤ ሰኞ ጠዋት «ይቅርታ፣ እንቅልፍ ወስዶኝ ነው» የሚል ጽሑፍ መጣ። በአራተኛው ደወለች። ሳንግዶ ቂም አልያዘም፤ ሥራዋ ከባድ ነው። ማክሰኞና ዓርብ ሌሎቹ ገመድ ሲያነሱ እሱ መቅዘፊያው ላይ ይቀመጣል። ሄሪም ለምን ብላ አትጠይቀውም።

ነሐሴ ላይ አንድ ረቡዕ፣ በምሳ ሰዓት፣ ራሱ ደወለ። ስልኩን ከማንሳቱ በፊት ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞረ።

«አባዬ? ምን ሆንክ?»

«ምንም አልሆንኩ። እንዲያው ዝም ብዬ ነው።»

ከወዲያ የሰው ድምፅ ይሰማል። «ስብሰባ ልገባ ነው። ማታ ልደውልልህ?»

«እሺ፣ ግቢ ግቢ።»

የዚያን ማታ አልደወለችም። ዓርብ ደወለች። ምን ልትለኝ ነበር ብላ ጠየቀችው፤ ሳንግዶም ለካ ምንም አልነበረውም። ስለ ዓሣ ነገራት። ያን ቅርፊት ሲፍቅ ሰዓቱ በርታ ያለውን። ዳንቢ ሳቀች፤ እንዲያ ስትስቅ ከሰማት ዓመታት አልፈው ነበር።

በመኸር ዎልሱን ልጇ ወደሚኖርበት ወደ ጊምሄ ከተማ ተዛወረች። የሄደች ለታ ሳንግዶን በትከሻው ጠበቅ አድርጋ ይዛ የሆነ ነገር ጮኸችለት፤ የመኪናው ሞተር ስለበለጠው አልሰማትም። እሺ አላት። ቡድኑ አምስት ሰው ቀረ። ሳንግዶ ያን ተንሸራታች ስምንቱን ዙር ሳያቋርጥ መግፋት ቻለ፤ ደም ግፊቱም ወረደ። ቴሌቪዥኑ ላይ እንደ በፊቱ ሰማያዊ ነው። «ቀለምህን ቀይር» የሚለው ሰው አሁን የለም።

በጨረቃ አቆጣጠር ለሚከበረው አዲስ ዓመት ዳንቢ በማለዳ መጣች። ከሁለት ሳምንት የማታ ሥራ በኋላ ነው የመጣችው፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ ድሮ በምትተኛበት ክፍል ወለሉ ላይ ፍራሽ ዘርግታ፣ ካፖርቷን እንኳ በቅጡ ሳታወልቅ ተኛች። ሳንግዶ ከሥር የሚሞቀውን ወለል አሞቀላት። የሩዝ ቂጣ ሾርባውን ሠርቶ ጠበቃት። አራት ሰዓት ሆነ፣ ስድስት ሰዓት ሆነ፤ አልነቃችም። ቴሌቪዥኑን ሳይከፍት፣ ዕቃ ሳያንኳኳ፣ በካልሲ እየተራመደ ዋለ። ሁለት ጊዜ በሩ ጋ ሄዶ ጆሮውን አስጠጋ። ትተነፍሳለች፤ አንዳንዴም ታንኮራፋለች፣ እንደ እናቷ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ፀጉሯ ተንጨባሮ ወጣች። «ለምን አልቀሰቀስከኝም?» አለችው።

«ምን ችግር አለው?»

ሾርባውን አሞቀው። ቂጣው ላልቶ ለጥ ብሎ ነበር፤ ሁለት ጎድጓዳ ሳሕን በላች። ብዙ አላወሩም። ማታ ካርድ ተጫወቱ፤ ዳንቢ አጭበረበረች፣ ሳንግዶም አይቶ እንዳላየ ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሸኛት። ከፌርማታው ሲመለስ ገና አራት ሰዓት አልሆነም ነበርና ወደ ጂሙ ወረደ። የመጋዘኑ በር ተቆልፏል። የተለጠፈው ወረቀት በበዓሉ ምክንያት እስከ ሐሙስ ዝግ መሆኑን ይናገራል። ሳንግዶ ቆሞ አነበበው፤ እንደገናም አነበበው። ነፋሱ ከወደቡ የነዳጅና የጨው ሽታ ያመጣል። እጁን ኪሱ ከትቶ ትንሽ ቆየና፣ በመርከብ መጠገኛዎቹ በኩል ዞሮ፣ ረጅሙን መንገድ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።